ገጣጥሞ መሥራት ወይስ ተሠርቶ መግዛት፤ የጠረጴዛ ኮምፒዩተር የሃምሳ ዓመት ታሪክ

ቤት የሚያስፈልገው ሰው ድንጋይና እንጨት አከማችቶ፣ ግንበኛና አናጢ ጠርቶ ያሠራል፤ ወይም የተሠራ ቤት ይገዛል። ልብስ የሚያሻውም ጨርቁን ገዝቶ ወደ ልብስ ሰፊ ይሄዳል፤ ወይም ተሰፍቶ የተሰቀለውን ለክቶ ይወስዳል። ሁለቱም መንገዶች ከጥንት ጀምሮ የነበሩ ናቸው። የትኛው ይሻላል የሚለው ጥያቄም ከገበያው ጋር አብሮ የኖረ ነው።

የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ታሪክ የሚጀምረው ከዚሁ ጥያቄ ነው። ዛሬ በየቢሮውና በየቤቱ የሚታየው ማሽን መጀመሪያ ወደ ገዢው የደረሰው እንደ ተጠናቀቀ ዕቃ ሳይሆን ኪት በሚባል መልክ፣ ማለትም ገዢው ራሱ እየበየደ በሚገጣጥማቸው የተበታተኑ ክፍሎች መልክ ነበር። ከዚያ ወዲህ ባሉት ሃምሳ ዓመታት ገጣጥሞ የሚሠራውና ተሠርቶ የሚገዛው ዋጋቸው ተቀያይሯል፤ የሥራው ዓይነትም ተለውጧል። አንድ ነገር ግን አልተለወጠም፤ ይኸውም ማሽኑ አልሠራ ሲል ኃላፊነቱ በማን ላይ ይወድቃል የሚለው ጉዳይ ነው። በሚከተሉት አንቀጾች የሚቀርበው ይህ ታሪክ ነው። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ከአልበከርኪ የተላከው ሣጥን

በ1969 ኤድ ሮበርትስ የተባለ የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያ ከጥቂት ጓደኞቹ ጋር ሆኖ ሚትስ የተባለውን ኩባንያ በኒው ሜክሲኮ ግዛት፣ በአልበከርኪ ከተማ አቋቋመ። ኩባንያው በመጀመሪያ ለመጫወቻ ሮኬቶች የሚሆኑ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎችን፣ ቀጥሎም የሒሳብ ማስያ ማሽኖችን በኪት ይሸጥ ነበር። ሥራው ለጊዜው ተቃና። ይሁን እንጂ የሴሚኮንዳክተር አምራቾች ራሳቸው ካልኩሌተር እየገጣጠሙ ወደ ገበያ ማውጣት ሲጀምሩ ዋጋው በፍጥነት ወደቀ። በ1974 ተሠርቶ ያለቀው ካልኩሌተር በሱቅ የሚሸጥበት ዋጋ ሚትስ ለክፍሎቹ ብቻ ከሚያወጣው ገንዘብ ያነሰበት ጊዜ መጣ፤ ኩባንያውም በዕዳ ተያዘ። ይህ ሁኔታ በኋላ በኮምፒዩተሩም ላይ የሚደገም ስለ ሆነ አንባቢው ልብ ሊለው ይገባል።

ሮበርትስ ከዚህ ጭንቅ ለመውጣት የመረጠው መንገድ በዚያው ዓመት ኢንቴል ባወጣው 8080 በተባለው ማይክሮፕሮሰሰር ላይ የተመሠረተ ኮምፒዩተር በኪት መሸጥ ነበር። ፖፑላር ኤሌክትሮኒክስ የተባለው ወርኃዊ መጽሔት በጃንዋሪ 1975 እትሙ ሽፋን ላይ አልቴር 8800 የተሰኘውን ይህን ኮምፒዩተር በፎቶግራፍ አወጣ። በፎቶግራፉ ላይ የታየው ሣጥን ግን ውስጡ ባዶ ነበር። ለመጽሔቱ አዘጋጆች የተላከው የመጀመሪያው ናሙና በመንገድ ላይ ጠፍቶ ስለ ነበር፣ በምትኩ የፊት ገጹ ብቻ የተሟላ ሣጥን ተልኮ ተነሣ።

የአልቴር ዋጋ በኪት 439 ዶላር፣ ተገጣጥሞ ሲሸጥ ደግሞ 621 ዶላር ነበር። ገዢው በዚህ ገንዘብ የሚያገኘው ማሽን ኪቦርድም ሆነ የምስል መስኮት አልነበረውም። ትእዛዝ የሚሰጠው በፊት ገጹ ላይ በተደረደሩት ማብሪያ ማጥፊያዎች ሲሆን፣ መልሱም በትንንሽ ቀያይ መብራቶች ይነበብ ነበር። የማስታወሻው መጠን 256 ባይት ብቻ ነው። ዛሬ በተለመደው ዩቲኤፍ 8 በተባለው የአጻጻፍ ሥርዓት አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት እንደሚይዝ ሲታሰብ፣ መላው ማስታወሻ ከ85 ፊደል በላይ ሊይዝ አይችልም ማለት ነው።

እንዲህም ሆኖ ሮበርትስ ጥቂት መቶ ገዢ ሲጠብቅ በሺህ የሚቆጠር ትእዛዝ ጎረፈለት። በዩኒቨርሲቲና በታላላቅ ኩባንያዎች ክፍል ውስጥ ተዘግቶ ይኖር የነበረውን ማሽን ሰዎች የራሳቸው ለማድረግ የነበራቸው ጉጉት ይህን ያህል ነበር። ትእዛዙን ለመድረስ ግን ፋብሪካው አቅም አልነበረውምና ብዙዎች ገንዘባቸውን ልከው ለወራት ጠበቁ።

ስቲቭ ዶምፒየር የተባለው አንዱ ገዢ ማሽኑን ሲገጣጥም ያሳለፈውን በጊዜው ጽፎ ስላቆየ፣ የሥራውን ክብደት መገመት ይቻላል። ክፍሎቹ ከደረሱት በኋላ ኮምፒዩተሩን ለማቆም 30 ሰዓት ፈጀበት። ሥራው ሲያልቅ በማስታወሻው ክፍል አንድ ጉድለት ተገኘ። ምክንያቱም በታተመው የሰርኪዩት ሰሌዳ ላይ የነበረች አንዲት ጭረት ስትሆን፣ እሷን ፈልጎ ለማግኘት ሌላ 6 ሰዓት ወሰደ።

በእነዚህ ቁጥሮች ላይ ቀላል ሒሳብ መሥራት ይቻላል። በኪቱና በተገጣጠመው ማሽን መካከል ያለው ልዩነት 182 ዶላር ነው። ይህ ለ36 ሰዓት ሥራ ሲካፈል በሰዓት 5 ዶላር ያህል ይደርሳል። በዚያ ዓመት በአሜሪካ በሕግ የተወሰነው ዝቅተኛ ደመወዝ በሰዓት 2 ዶላር ከ10 ሳንቲም ነበር። ስለዚህ ካውያ መያዝ ለሚያውቅና ትርፍ ጊዜ ላለው ሰው ገጣጥሞ መሥራቱ የሚያዋጣ ሥራ ነበር ማለት ይቻላል።

ሒሳቡ የማያሳየው ግን ሌላ ነገር አለ። ከመሣሪያው እግሮች አንዱ በደንብ ሳይበየድ ቢቀር፣ አንድ ማይክሮሰርኪዩት ተገልብጦ ቢሰካ፣ ወይም በሰሌዳው ላይ ጭረት ቢኖር፣ ገዢው 439 ዶላር የከፈለበት ዕቃ የማይሠራ ሣጥን ሆኖ ይቀራል። ጉድለቱ ከፋብሪካው ይሁን ከገጣሚው እጅ፣ ለመለየት ራሱን የቻለ ሙያ ያስፈልጋል። ስለዚህ ገዢው በ182 ዶላር የሚገዛው ጉልበት ብቻ አልነበረም፤ ማሽኑ ተፈትኖ እንደሚሠራ የተረጋገጠ የመሆኑን ዋስትና ጭምር ነበር እንጂ።

ፋብሪካውም ቢሆን ከስሕተት የራቀ አልነበረም። ሚትስ ለአልቴር ያወጣው 4 ኪሎባይት የማስታወሻ ሰሌዳ በአሠራሩ የማያስተማምን ሆኖ በገዢዎች ዘንድ መጥፎ ስም አተረፈ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንዲሉ፣ ትእዛዙን ለማድረስ በጥድፊያ የወጣው ሰሌዳ ለሌሎች በር ከፈተ። ፕሮሰሰር ቴክኖሎጂ የተባለ አነስተኛ ኩባንያ በ1975 ለዚሁ ማሽን የሚሆንና በትክክል የሚሠራ የማስታወሻ ሰሌዳ ሠርቶ መሸጥ ጀመረ። ይህ ሊሆን የቻለው የአልቴር ክፍሎች ሁሉ የሚሰኩት በአንድ ዓይነት፣ 100 እግር ባለው መያዣ ላይ ስለ ነበረ ነው። መያዣው ለሮበርትስ የራሱ የሥራ ማቃለያ ነበር፤ በሌሎች እጅ ግን የጋራ ስምምነት ሆነ፤ ኤስ 100 የሚል ስምም ተሰጠው። በ1983 በዓለም አቀፉ የኤሌክትሪክና የኤሌክትሮኒክስ መሐንዲሶች ተቋም እንደ ደረጃ ጸደቀ። ሚትስ ግን እስከዚያ ቀን አልቆየም፤ በ1977 ፐርቴክ ለተባለ ኩባንያ ተሸጠ። ሮበርትስም ኤሌክትሮኒክስን ትቶ ሕክምና ተማረና እስከ ዕለተ ሞቱ፣ እስከ 2010 ድረስ፣ በጆርጂያ ግዛት በአንዲት ትንሽ ከተማ በሐኪምነት አገለገለ።

መበየድ የማይችለው ገዢ

በማርች 1975 በካሊፎርኒያ ግዛት፣ በሜንሎ ፓርክ፣ በአንድ ሰው ጋራዥ ውስጥ የተሰበሰቡ ሰዎች ሆምብሩ የተባለውን የኮምፒዩተር ክበብ መሠረቱ። ስሙ በግርድፉ «የቤት ጥንስስ» እንደ ማለት ነው። የክበቡ አባላት እውቀታቸውን ይለዋወጡ፣ የሠሩትንም ያሳዩ ነበር። ከእነዚህ አንዱ የነበረው ስቲቭ ዎዝኒያክ የራሱን ኮምፒዩተር ነድፎ፣ ሌሎችም ሊሠሩት እንዲችሉ ንድፉን በነፃ ያድል ነበር። ጓደኛው ስቲቭ ጆብስ ግን ሌላ ነገር አስተዋለ። ንድፉን የሚወስዱት ሰዎች ብዙዎቹ ማሽኑን ይፈልጉታል እንጂ ለመገጣጠም ጊዜም ሆነ ችሎታ አልነበራቸውም።

ይህን አስተያየት በገንዘብ ያረጋገጠው ፖል ቴሬል የተባለው የባይት ሾፕ ሱቅ ባለቤት ነው። ቴሬል በ1976 ከሁለቱ ወጣቶች 50 ኮምፒዩተር በ500 ዶላር ሒሳብ ለመግዛት ሲስማማ፣ ክፍሎቹ ተበይደው ያለቁ እንዲሆኑ ግዴታ አስገባ። በሱቁ ኪት ገዝተው የሄዱ ደንበኞች ምን እንደሚገጥማቸው በየቀኑ ያይ ነበርና። አፕል አንድ የተባለው ይህ ማሽን በ666 ዶላር ከ66 ሳንቲም ለገበያ ሲቀርብ ሰሌዳው ሙሉ በሙሉ የተበየደ ነበር። ይሁን እንጂ ሣጥኑን፣ ኪቦርዱን፣ የኃይል ማቅረቢያውንና የምስል መስኮቱን ገዢው ራሱ ፈልጎ ማሟላት ነበረበት። ስለዚህ አፕል አንድ በሁለቱ መንገዶች መካከል የቆመ፣ ግማሹ የተሠራ ግማሹም ገና ያልተሠራ ዕቃ ነበር።

ቁርጡ የታወቀው በሚቀጥለው ዓመት ነው። በ1977 አፕል ሁለት፣ ኮሞዶር ፔትና ቲ አር ኤስ 80 የተባሉት ሦስት ማሽኖች ተሠርተው ያለቁ ሆነው ወጡ። የቲ አር ኤስ 80 ታሪክ ከሁሉም ይልቅ ትምህርት ሰጪ ነው። ሬዲዮ ሻክ የተባለው የሱቆች ድርጅት መጀመሪያ ያሰበው እንደ ሌሎቹ ኪት ለመሸጥ ነበር። ለምክር የተጠራው መሐንዲስ ስቲቭ ላይኒንገር ግን መበየድ የማይችለው ሰው እጅግ ብዙ ነው ሲል ሐሳቡን ተቃወመ። ድርጅቱም ምክሩን ተቀብሎ ላይኒንገርን ቀጠረው። ከቴሌቪዥን መሰል መስኮትና ከቴፕ መቅጃ ጋር በ599 ዶላር ከ95 ሳንቲም የቀረበው ማሽን ከ3,000 በላይ በሆኑ ሱቆች ተዘርግቶ በሺዎች ተሸጠ።

ይህ ማለት ኪት ወዲያውኑ ጠፋ ማለት አይደለም። ከ1947 ጀምሮ የኤሌክትሮኒክስ መለኪያዎችንና ሬዲዮኖችን በኪት ሲሸጥ የኖረው የሚሺጋኑ ሂዝኪት በዚያው በ1977 ኤች 8 የተባለውን ኮምፒዩተር አወጣ። የሂዝኪት ታላቅነት ከክፍሎቹ ይልቅ በመመሪያ መጽሐፉ ላይ ነበር። እያንዳንዱ የሥራ ደረጃ ለብቻው ተጽፎ፣ ከጎኑ ባለች አራት ማዕዘን ውስጥ ሥራው ሲፈጸም ምልክት ይደረግ ነበር። በየምዕራፉ መጨረሻም የሚደረጉት ፈተናዎች ተዘርዝረው ይገኛሉ። በዚህ ዘዴ ፋብሪካው የፍተሻ ክፍሉን በጽሑፍ አድርጎ ለገዢው ይልክለት ነበር ማለት ይቻላል።

የሃያ ፓውንድ ልዩነት

በብሪታንያ ክላይቭ ሲንክሌር ያወጣቸው ማሽኖች ለዚህ ጥናት የተለየ ጥቅም አላቸው፤ አንዱ ማሽን በሁለቱም መልክ ጎን ለጎን ይሸጥ ነበርና። ዜድ ኤክስ 80 በ1980 ሲወጣ በኪት 79 ፓውንድ ከ95 ፔንስ፣ ተገጣጥሞ 99 ፓውንድ ከ95 ፔንስ ነበር። በዓመቱ የተከተለው ዜድ ኤክስ 81 በኪት 49 ፓውንድ ከ95 ፔንስ፣ ተገጣጥሞ 69 ፓውንድ ከ95 ፔንስ ተሸጠ። በሁለቱም ጊዜ ልዩነቱ ልክ 20 ፓውንድ ነው።

ከዋጋው በስተጀርባ ያለው ለውጥ ግን ከፍ ያለ ነበር። ዜድ ኤክስ 80 የተሠራው ከ21 ማይክሮሰርኪዩቶች ሲሆን፣ በዜድ ኤክስ 81 ቁጥራቸው ወደ 4 ወረደ። የመበየዱ ሥራ ለገጣሚው እንደ ቀለለ ሁሉ ለፋብሪካውም ቀለለ። ውጤቱ በአሜሪካ ገበያ ጎልቶ ታየ። ዜድ ኤክስ 81 በአሜሪካ መጀመሪያ በኪት 99 ዶላር ከ95 ሳንቲም ሲጠየቅበት፣ በ1982 ታይሜክስ ሲንክሌር 1000 በሚል ስም ሁለት እጥፍ ማስታወሻ ተጨምሮለት የወጣው ተሠርቶ ያለቀ ማሽን በዚያው በ99 ዶላር ከ95 ሳንቲም ተሸጠ። የመገጣጠሙ ዋጋ ወደ ባዶ ተጠጋ። የካልኩሌተሩ ታሪክ በኮምፒዩተሩም ላይ ተደገመ።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ብዙ ትንንሽ ክፍሎች በአንድ ማይክሮሰርኪዩት ውስጥ ሲጠቃለሉ የሚበየደው ነጥብ ያንሳል። የሚቀረውንም በሰሌዳው ገጽ ላይ የሚያሰልፍና የሚበይድ አውቶማቲክ መሣሪያ ሲመጣ የሰው እጅ ሊወዳደረው አይችልም። ሂዝኪትም በ1992 የኪት ሥራውን አቆመ።

የተከፈተው ማሽን

ኪት እየሞተ ሳለ ገጣጥሞ መሥራት በሌላ መልክ እንደገና ተወለደ። መነሻው አይ ቢ ኤም በኦገስት 1981 ያወጣው የግል ኮምፒዩተር ነው። ይህ ማሽን በ1,565 ዶላር ሲሸጥ 16 ኪሎባይት ማስታወሻ ብቻ የነበረው፣ የዲስክ ማጫወቻም ያልተካተተበት ነበር። ነገር ግን ኩባንያው ሥራውን በአንድ ዓመት ያህል ለመጨረስ ሲል ማይክሮፕሮሰሰሩን ከኢንቴል፣ ሌሎቹንም ክፍሎች ከውጭ ገዝቶ ተጠቀመ። ለተጨማሪ ካርዶችም መያዣ አበጀ። ከዚህም በላይ የማሽኑን ሙሉ ንድፍና ባዮስ የሚባለውን መሠረታዊ ፕሮግራም በቴክኒክ መጽሐፍ አሳትሞ ለሽያጭ አቀረበ።

ባዮሱ በቅጂ መብት የተጠበቀ ስለ ነበር መገልበጥ ክልክል ነው። ኮምፓክ የተባለው ኩባንያና ኋላም በ1984 ፊኒክስ የተባለው ችግሩን በአንድ ዘዴ ተሻገሩት። አንዱ የባለሙያ ቡድን የፕሮግራሙን ተግባር ብቻ ዘርዝሮ ይጽፋል፤ ዋናውን ፕሮግራም ፈጽሞ ያላየ ሌላ ቡድን ደግሞ በዚያ ዝርዝር መሠረት አዲስ ይደርሳል። ፊኒክስ ይህን ፕሮግራም ለማንኛውም ገዢ መሸጥ ስለ ጀመረ፣ ተስማሚ ኮምፒዩተር መሥራት የጥቂት ኩባንያዎች ምሥጢር መሆኑ ቀረ። በ1985 ቺፕስ ኤንድ ቴክኖሎጂስ የተባለው ኩባንያ በአይ ቢ ኤም ማሽን ሰሌዳ ላይ በርካታ ትንንሽ ማይክሮሰርኪዩቶች ይሠሩት የነበረውን በጥቂቶች ሲተካ፣ የታይዋን ፋብሪካዎች ማዘርቦርድ በብዛት አምርተው በዓለም ገበያ መበተን ጀመሩ።

ከዚህ በኋላ ገጣጣሚው ካውያውን አስቀምጦ ጠመንጃ መፍቻ ያዘ። ሥራው ነጥብ በነጥብ መበየድ ሳይሆን ማዘርቦርዱን በሣጥኑ ውስጥ ማሰር፣ ፕሮሰሰሩንና ራሙን መሰካት፣ ዲስኩን ማገናኘት ሆነ። በ1984 ማይክል ዴል በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ በ1,000 ዶላር የጀመረው ንግድም በዚሁ ላይ የተመሠረተ ነው። ደንበኛው የሚፈልገውን ይመርጣል፤ ማሽኑ የሚገጣጠመው ትእዛዙ ከደረሰ በኋላ ነው። በዚህ አሠራር ምርጫው የገዢው፣ ፍተሻውና ዋስትናው ደግሞ የሻጩ ሆኖ ቀረ።

የስምምነት ዋጋ

ከተለያየ አገር የመጡ ክፍሎች በአንድ ሣጥን ውስጥ ተስማምተው እንዲሠሩ መጠናቸው፣ የቀዳዳቸው ቦታና የኤሌክትሪክ መስመራቸው አንድ መሆን አለበት። በ1984 የወጣው የአይ ቢ ኤም ኤ ቲ ሞዴል ቅርጽ ለዚህ መነሻ ሆነ። ይሁን እንጂ አደገኛ እንከን ነበረበት። ከኃይል ማቅረቢያው ወደ ማዘርቦርዱ የሚሄዱት ሁለት ማገናኛዎች ጎን ለጎን የሚሰኩና ተመሳሳይ ስለ ነበሩ ቦታቸውን አቀያይሮ መሰካት ይቻል ነበር። ይህ ሲሆን ማዘርቦርዱ ይቃጠላል። ገጣጣሚዎች ጥቁሮቹ ሽቦዎች መሐል ላይ ጎን ለጎን መግጠም አለባቸው የሚለውን ደንብ በቃል ይዘው ይሠሩ ነበር።

ኢንቴል በ1995 ያወጣው ኤ ቲ ኤክስ የተባለው ደረጃ ሁለቱን ማገናኛ በአንድ፣ ተገልብጦ ሊገባ በማይችል ማገናኛ ተካው። በዚህ ረገድ የደረጃው ትልቁ ጥቅም ፍጥነት ወይም ውበት አይደለም፤ ከገጣጣሚው ትከሻ ላይ አንድ የጥፋት ዕድል ማንሣቱ ነው። ደረጃው ማገናኛዎቹ እየተሻሻሉ እስከ ዛሬ የሚሠራበት ነው።

ስምምነትን ለመተው የተደረገው ሙከራም ትምህርት አለው። አይ ቢ ኤም በ1987 ማይክሮ ቻነል የተባለ፣ ሌሎች ያለ ፈቃድ ሊጠቀሙበት የማይችሉት አዲስ የካርድ መያዣ አወጣ። በቴክኒክ ረገድ ከቀድሞው የተሻለ ነበር። ተወዳዳሪዎቹ ዘጠኝ ኩባንያዎች ግን በ1988 ተባብረው ከቀድሞው ካርድ ጋር የሚስማማ የራሳቸውን ደረጃ አወጡ፤ ገበያውም የተከፈተውን መንገድ መርጦ ቀጠለ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ይህ ነው።

ይህ ነገር ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ ሊሆን አይገባም። የግዕዝ ፊደል በ1999 ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ ሦስተኛ እትም ውስጥ እስኪገባ ድረስ፣ እያንዳንዱ የፊደል ፕሮግራም ሠሪ ለፊደላቱ የራሱን ቁጥር ይሰጥ ነበር። በአንዱ ፕሮግራም የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆን ነበር። እያንዳንዱ ሥራ ለብቻው ቢታይ ብልሃት የሞላበት ነው። የጎደለው አንዱ ከሌላው ጋር የሚገናኝበት ስምምነት ነበር።

ዋጋው ሲገለበጥ

በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ ገጣጥሞ የሚሠራ ሰው ከታላላቆቹ ኩባንያዎች ዋጋ በርከት ያለ ገንዘብ ያተርፍ ነበር። ታላላቆቹ ለስማቸው፣ ለማስታወቂያቸውና ለወኪሎቻቸው የሚያስከፍሉት በዋጋው ላይ ይታከል ስለ ነበር ነው። ይህም አልቆየም። በ1998 የተቋቋመው ኢማሺንስ የተባለው ኩባንያ ያለ ምስል መስኮት የሚሸጥ ሙሉ ኮምፒዩተር በ399 ዶላር አቀረበ። ይህ ከሃያ ሦስት ዓመት በፊት ለአልቴር ኪት ከተከፈለው 439 ዶላር ያነሰ ነው፤ በመካከሉ የዶላር የመግዛት አቅም የቀነሰ መሆኑም ሳይታሰብ ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ በዝቅተኛው የዋጋ እርከን ላይ ተሠርቶ የሚሸጠው ማሽን ብዙ ጊዜ ያሸንፋል። በመቶ ሺህ የሚገዛ ፋብሪካ ፕሮሰሰሩንና ራሙን፣ በተለይም የዊንዶውስን ፈቃድ፣ አንድ ነጠላ ገዢ በማያገኘው ዋጋ ያገኛል። ገጣጣሚው የሚያሸንፈው ከዝቅተኛው እርከን ከፍ ሲል፣ ማለትም ለተለየ ሥራ የተለየ ክፍል ሲያስፈልግ ነው። በ2020 እና በ2022 መካከል የግራፊክስ ካርድ እጥረት በደረሰ ጊዜ ግን ይህም ተዛባ። ካርዱ ለብቻው ከተተመነለት ዋጋ እጅግ በላይ ይሸጥ ስለ ነበር፣ ለካርዱ ሲሉ ሙሉ ማሽን የገዙ ብዙዎች ነበሩ። በ2025 መጨረሻም የራም ዋጋ በድንገት መናር የክፍሎችን ገዢ እንደገና አስጨንቋል። ስለዚህ ገጣጥሞ መሥራት ሁልጊዜ ይረክሳል የሚለውም ሆነ ሁልጊዜ ይወደዳል የሚለው አባባል ለአንድ ወቅት እንጂ ለሁሉም ጊዜ እውነት ሊሆን አይችልም።

ዛሬ በሚዛን ላይ ያለው

በዛሬው ጊዜ አነስተኛ የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ለመገጣጠም ፕሮሰሰር፣ ማዘርቦርድ፣ ራም፣ የማከማቻ ዲስክ፣ የኃይል ማቅረቢያና ሣጥን ይበቃሉ። ሥራውም ጥንቃቄ ላለው ሰው ከግማሽ ቀን አይበልጥም። የዶምፒየር 36 ሰዓት ታሪክ ሆኗል። የዶምፒየር ጭረት ግን በመልኩ ተለውጦ አሁንም አለ። የፕሮሰሰሩ መቀመጫ እግር ሊጣመም፣ በእጅ ላይ የተጠራቀመ ኤሌክትሪክ ራሙን ሊጎዳ፣ የማዘርቦርዱ ባዮስ አሮጌ ሆኖ አዲሱን ፕሮሰሰር ላያውቀው ይችላል። እያንዳንዱ ክፍል ከየፋብሪካው የራሱ ዋስትና አለው። በሁለት ክፍሎች መካከል ለሚፈጠረው አለመስማማት ግን ዋስትና የሚሰጥ የለም፤ ዋሱ ገጣጣሚው ራሱ ነው።

በሌላው ወገን ተሠርቶ የሚገዛው ማሽን የራሱ ዕዳ አለው። ከታላላቅ አምራቾች የሚወጡ አንዳንድ ማሽኖች የኃይል ማቅረቢያቸው ቅርጽና ማገናኛ ከኤ ቲ ኤክስ የተለየ ነው፤ በአንዳንድ ትንንሽ ማሽኖች ደግሞ ራሙ በማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ ነው። ዋስትናው ጸንቶ ባለበት ዘመን ይህ ለገዢው አይታወቀውም። የኤሌክትሪክ ኃይል በሚዋዥቅበትና መለዋወጫው ከውጭ አገር በውጭ ምንዛሪ በሚመጣበት አገር ግን፣ ዋስትናው ሲያልቅ አንድ የኃይል ማቅረቢያ በመቃጠሉ ጤነኛው ማዘርቦርድና ፕሮሰሰር አብረው ወደ መጋዘን ሊገቡ ይችላሉ። በተገጣጠመው ማሽን ግን የተቃጠለው ክፍል ብቻ ከማንኛውም ሱቅ ይተካል።

ሦስተኛው መንገድ፣ ማለትም በቢሮ ያገለገለ ማሽን ገዝቶ ራምና ዲስክ መጨመር፣ ለብዙ አነስተኛ በጀት መፍትሔ ሆኖ ቆይቷል። በዚህም ረገድ አንድ ነገር ታይቷል። ማይክሮሶፍት በኦክቶበር 2025 ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ የተወሰነ የደኅንነት መሣሪያና ከተወሰነ ትውልድ ወዲህ የተሠራ ፕሮሰሰር ይጠይቃል። ስለዚህ አካሉ ጤነኛ የሆነ አሮጌ ማሽን በፕሮግራም ምክንያት ሊጡር ይችላል። ገዢው ሊጠይቅ የሚገባው ማሽኑ ይሠራል ወይ ብቻ ሳይሆን፣ ምን ፕሮግራም ይቀበላል የሚለውንም ነው።

ከሃምሳው ዓመት ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ይህ ነው። በመጀመሪያ፣ በሁለቱ ዋጋዎች መካከል ያለው ልዩነት የጉልበት ዋጋ ብቻ ሆኖ አያውቅም፤ የፍተሻና የኃላፊነት ዋጋም ነው። ለአንድ ክፍል ሃምሳ ማሽን የሚገዛ መሥሪያ ቤት ይህን ኃላፊነት የሚሸከም የጥገና ሠራተኛ ከሌለው፣ በመገጣጠም ያተረፈ የመሰለውን በሥራ መቆም ይከፍለዋል። በሁለተኛ ደረጃ፣ ተሠርቶ በሚገዛው ማሽን ላይ ሊመረመር የሚገባው የፍጥነት ቁጥሩ ብቻ ሳይሆን፣ ክፍሎቹ በጋራ ደረጃ የተሠሩ መሆናቸው ነው። በጨረታ ሰነድ ላይ የኃይል ማቅረቢያውና ማዘርቦርዱ በኤ ቲ ኤክስ ደረጃ፣ ራሙም ተነቃይ እንዲሆን የሚጠይቅ አንድ መስመር መጨመር የማሽኑን ዕድሜ በዓመታት ሊያራዝም ይችላል።

ሦስተኛው ጥቅም በገንዘብ የማይተመን ነው። አልቴርን የገጣጠሙት ሰዎች ለ256 ባይት ማስታወሻ ያን ያህል የደከሙት ዕቃው ስለ ጠቀማቸው አልነበረም፤ ምን እንደሚሠራና እንዴት እንደሚበላሽ አውቀውት ስለ ተነሡ ነው። ፕሮሰሰር ቴክኖሎጂና ሌሎችም ኩባንያዎች ከእነዚሁ ሰዎች መካከል ወጥተዋል። አንድ የምህንድስና ተማሪ በሕይወቱ አንድ ጊዜ ኮምፒዩተር በገዛ እጁ ቢገጣጥም፣ ከዚያ በኋላ ለመሥሪያ ቤቱ ተሠርቶ ያለቀውን እንዲገዛ ቢመክርም እንኳ፣ የሚመክረው የሚገዛውን ነገር አውቆ ይሆናል።